እማማ ተጠቃሚ አትረሳም

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልክ ከጮኸ በእኛ አገር መርዶ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። አያቴ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ያንን ድምፅ ስትሰማ ከአልጋዋ ተነስታ መጀመሪያ የፈለገችው ሻርፗን ነው። ከዚያ «ማነው? ማን ሞተ?» እያለች ጎረቤት ቀሰቀሰች። ጎረቤት መጣ። ስልኩ አሁንም ይጮኻል። ስክሪኑ ላይ ፈገግ ያለች ክኒን ተስላ፣ ከሥሯ «ውድ ተጠቃሚያችን፣ መድኃኒትዎን የሚወስዱበት ሰዓት ደርሷል» ይላል።

ያቺን ፈገግ ያለች ክኒን የሳልኳት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሆነን ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ቢሮ ተከራይተን፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚያስታውስ አፕ እየሠራን ነበር። የታሰበው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰዎች ነው። እኔ ዲዛይኑን ነው የምይዘው። ጠዋት ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ደሴ ጭጋግ ውስጥ ጃኬት ለብሰህ ትሳፈራለህ፣ ኮምቦልቻ ስትደርስ ጃኬቱን ክንድህ ላይ ጥለህ ትወርዳለህ። በመሃል 600 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ። (ይሄን የማነሳው ወደ ኋላ ስለ ኢንሱሊን ሳወራ ስለሚያስፈልገኝ ነው።)

አፑን ከመሥራታችን በፊት ሲናሪዮ ጽፈናል። ለማያውቀው፣ ሲናሪዮ ማለት አንድ ሰው የምትሠራውን ነገር ሲጠቀም የሚያሳይ አጭር ታሪክ ነው። ማን ነው፣ የት ነው፣ ምን ፈለገ፣ ምን አደረገ፣ ምን ተፈጠረ። አዲስ ነገር አይደለም፤ ጆን ካሮል የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ውስጥ ሶፍትዌር በታሪክ ይነደፍ ብሎ ብዙ ደክሞበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ስለ ስክሪን ከማውራትህ በፊት ስለ ሰውየው አውራ።

እኛም አወራን። የመጀመሪያውን ሲናሪዮ እንዳለ ላስነብባችሁ፣ ማፈሬ ካልቀረ።

«እማማ ተጠቃሚ የ68 ዓመት እናት ናቸው። ደም ግፊትና ስኳር አለባቸው። ብዙ ጊዜ መድኃኒታቸውን መውሰድ ይረሳሉ። አንድ ቀን ልጃቸው አፑን ጫነላቸው። አሁን ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ስልካቸው ይደውላል። እማማ ፈገግ ብለው ‹ወሰድኩ› የሚለውን ይጫናሉ። ጤናቸውም ተሻሻለ።»

ስትጽፈው ጥሩ ይመስላል። ቢሮ ውስጥ ጮክ ብለን አንብበነው ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። አሁን ሳየው ማስታወቂያ ነው። እማማ ተጠቃሚ ቤት የላትም፣ ጎረቤት የላትም፣ ሥራ የላትም። ቁጭ ብላ የእኛን ስልክ ጥሪ ትጠብቃለች። እና ሁለት ጊዜ ፈገግ ትላለች፣ አንዴ በክኒኗ፣ አንዴ በራሷ።

የሌሊቱ መርዶ የመጣው «ጠዋት 2 ሰዓት» ከምትለዋ ነው። ሲናሪዮው ላይ እኔ የጻፍኩት በሐበሻ ሰዓት ነው። ኮዱን የጻፈው ጓደኛዬ 2:00 ብሎ አስገባው። የስልኩ ሰዓት ደግሞ የፈረንጅ ነው። የእሱ 2:00 የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ሁለታችንም ሐበሻ ነን፣ ሁለታችንም እዚሁ ነው ያደግነው፣ ግን ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥ በሆነ መንገድ ፈረንጅ እንሆናለን። በነገራችን ላይ ቀጠሮ የሚመዘግበው ገጻችንም 12 ወር ብቻ ነበረው። ጳጉሜን የሚባል ነገር ትዝ ያለው አልነበረም። የ30 ቀን መድኃኒት ነሐሴ መጨረሻ ላይ የወሰደ ሰው ቀጠሮው የት እንደሚያርፍ አስቡት።

ይቅርታ ለመጠየቅ ቅዳሜ አያቴ ጋ ሄድኩ። ይቅር አለችኝ፤ ግን ለሳምንት ያህል ለመጣ ሰው ሁሉ «ይሄ ነው በሌሊት የገደለኝ» እያለች አስተዋወቀችኝ። ሳምንቱን እዚያው ነው ያደርኩት። ደብተር ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጬ የምታደርገውን እጽፋለሁ።

«ምንድነው የምትሞነጫጭረው? ቀበሌ ገባህ እንዴ?»

«አይ እማ፣ ለሥራ ነው።»

«እኔ ቡና ስቆላ መጻፍ ሥራ ነው?»

ሁለተኛው ቀን ላይ የገባኝ ነገር፣ አያቴ ሰዓት አትጠቀምም። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ፣ ከቆመ ቆይቷል፣ ማንም አላወረደውም። ቀኗ የሚቆጠረው በአዛን ነው። ከሱብሂ በኋላ ቁርስ፣ ከዙህር በፊት ምሳ ማሰናዳት፣ ከአስር በኋላ ቡና፣ መግሪብ ላይ በር መዝጋት። እኛ «በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየ12 ሰዓቱ» ብለን ስንጨነቅ እሷ ጋ ሱብሂና መግሪብ አለ። በእኛ አገር ደግሞ ቀኑ ክረምት ከበጋ ብዙም ስለማይለያይ ሁለቱ መካከል ዓመቱን ሙሉ 13 ሰዓት ገደማ ነው፣ ተመጣጥኖ ተቀምጦልናል። ከግድግዳ ጎን ያሉት ክርስቲያን ጎረቤቷ ደግሞ ቀናቸውን የሚቆጥሩት በቅዳሴና በጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። «ከምግብ ጋር ይውሰዱ» የሚል ክኒን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብታስታውሳቸው ምን እንዲያደርጉ ነው? በረመዳን ደግሞ የአያቴም ቀን ይገለበጣል፤ ቁርሷ ሱሁር ይሆናል፣ እራቷ ኢፍጣር። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሸጋሸግ ሐኪም ነው የሚወስነው፣ አፕ አይደለም። ግን ቢያንስ አፑ እንዲህ ያለ ወር እንዳለ ማወቅ አለበት። የእኛ ሲናሪዮ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ብቻ ነበር፣ ያውም ማክሰኞ የሚመስል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ይረሳሉ» ወደሚለው ቃል።

አያቴ የግፊት መድኃኒቷን የምትዘለው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ያህል ነው። እኔ ደብተሬ ላይ «ረሳች» እያልኩ እጽፋለሁ። ሐሙስ ዕለት የሰፈር ለቅሶ ነበር። ጠዋት ቁርሷን በላች፣ አንዷን ክኒን ዋጠች፣ ሌላኛዋን እንደ ያዘቻት መልሳ ወረቀቷ ውስጥ ጠቀለለቻት። አየኋት። አየችኝ።

«እማ፣ እሷን ረሳሻት።»

«አልረሳኋትም።»

«ታዲያ?»

ዝም አለች። ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቺ የምታሸናዋ ናት። እዚያ ድንኳን ውስጥ ሰው መሃል ተቀምጬ በየሰዓቱ ልነሳ? መጸዳጃው ደግሞ ከግቢው ጀርባ ነው፣ ደረጃ አለው። አላደርገውም» አለችኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ለደም ግፊት ከሚታዘዙት አንዱ ሰውነት ውስጥ ያለውን ውሃና ጨው በሽንት የሚያስወጣ ነው። ከወሰድከው በኋላ ለተወሰነ ሰዓት ያመላልስሃል። አያቴ ይሄን ከፋርማሲስቱ እኩል ታውቀዋለች። ለቅሶ ስትሄድ፣ ሰርግ ስትጠራ፣ ቦሩ ሜዳ ዓይኗን ለማሳየት መኪና ስትሳፈር፣ ያችን ክኒን ትተዋታለች። አስባ፣ አስልታ፣ ወስና። ሰኞም እንደዚያው፣ ሰኞ ገበያ ስለምትወጣ።

እና እኛ ለዚች ሴት የሠራንላት ምንድነው? የማስታወሻ ደወል። አምስት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና የሚጮህ። አሁንም ካልተነካ ለልጇ «እናትዎ መድኃኒታቸውን አልወሰዱም» ብሎ ሜሴጅ የሚልክ! ስለ ሽንቷ ለማንም ተናግራ የማታውቅ ሴት፣ ለልጇ እንድትመልስ የምናደርጋት ይሄን ጥያቄ ነው።

«ይረሳሉ» የእኛ ቃል ነው፤ ከእሷ አፍ አልሰማነውም። ሽማግሌና ባልቴት ይረሳሉ የሚለውን ከየት እንዳመጣነው አላውቅም፣ ብቻ ማናችንም አልጠየቅነውም። በእርግጥ የሚረሳም አለ፣ አልክድም። ነገር ግን ቃሉን ሲናሪዮው ላይ አንዴ ከጻፍከው በኋላ የምትሠራው ነገር ሁሉ ደወል ነው የሚሆነው። «ትተዋለች» ብለህ ብትጽፍ ኖሮ ግን «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ሲስተሯ ሰማቻትና ሳቀች፣ ክፉ ሳቅ አይደለም። «እንቱም ዝም ይላሉ? ለቅሶ ያለ ቀን ሲመለሱ ይውሰዷታ። ማታ አያድርጉት እንጂ፣ እንቅልፍ ይነሳዎታል» አለቻት። በቃ። ሁለት ዓመት የታፈነ ነገር በሁለት ደቂቃ አለቀ። አፑ ውስጥ «በኋላ እወስዳለሁ፣ ከቤት እየወጣሁ ነው» የሚል ቁልፍ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እኛ ጋ የነበሩት ሁለት ቁልፎች «ወሰድኩ» እና «አልወሰድኩም» ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ ቀይ ነበር።

ስለ ቁልፍ ካነሳሁ ጣቷን ልንገራችሁ። የስማርት ስልክ ስክሪን የሚሠራው ጣት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነው፣ በመጫን አይደለም። ሲያረጁ ቆዳ ይደርቃል፤ በዚያ ላይ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ምጣድና ሳሙና የነካ ጣት ሲሆን ስክሪኑ ጭራሽ ላያየው ይችላል። አያቴ ነካች፣ እምቢ አለ። ጠንከር አድርጋ ነካች፣ እምቢ አለ። በጥፍሯ ሞከረች፣ ጥፍር ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። በመጨረሻ አጥብቃ ይዛ ስትቆይ አፑ «ማጥፋት ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው።

ፊደሉም ሌላ ጣጣ ነው። አያቴ ማንበብ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ የምስክር ወረቀቷን እስካሁን አላስነካ ትላለች። ስለዚህ ታነባለች፣ ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ በእግርና በቀለበት ነው። ላቲን በአንድ መጠን ስለተነበበ አማርኛም በዚያው መጠን ይነበባል ማለት አይደለም። «ሲበሉ ይውሰዱ» እና «ሳይበሉ ይውሰዱ» የሚሉትን በትንሽ ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጡና መነጽር አውልቃችሁ እዩዋቸው። ዲዛይኑን የተማርኩት ከእንግሊዝኛ ቪዲዮ ስለሆነ የፊደሉን መጠን 14 ብሎ ያለኝን 14 አድርጌ ነው የተውኩት።

ድምፅ ይሻላል ብለን ድምፅ አስገባን። ቀጭን፣ ጥርት ያለ የወጣት ሴት ድምፅ። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፣ ይሄን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አያቴ ግን ሰማቻት። ችግሯ ሌላ ነበር። ሴቶች ለቡና ተሰብስበው፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ፣ ስልኩ «የስኳር መድኃኒትዎን ይውሰዱ» ብሎ ለሰፈሩ ተናገረ። «ይቺ ማናት? ማን ላካት?» አለች። ሁለት ቀን ስልኩን ትራስ ሥር ቀበረችው። አሁን በወንድሜ ድምፅ ቀድተነዋል፣ ወፈር ያለ ነው፣ የሚለው «እማ፣ ሰዓቱ ደርሷል» ብቻ ነው። የምን ሰዓት እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

ያ ስልክ ራሱ የማን ነው? ሲናሪዮው «ስልካቸው» ይላል። የአያቴ የራሷ ስልክ ቁልፍ ያለው ትንሹ ስልክ ነው፣ ለመደወልና ለሚስኮል። አፑ የተጫነው ወንድሜ ስልክ ላይ ነው። ወንድሜ ቤት ሲኖር ጥሩ ነው። ሥራ ሲሄድ ግን የአያቴ ክኒን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ኪሱ ላይ ይጮኻል። ከዚያ እሱ በትንሹ ስልክ ይደውልላታል፣ «እማ ዋጥሽ?» ይላታል፣ «ዋጥኩ» ትለዋለች፣ «ወሰድኩ» የሚለውን እሱ ይጫናል። እኛ ቢሮ ሆነን ቁጥሩን እያየን «እማማ ተጠቃሚ ጎበዝ ናት» እንላለን። ሲናሪዮው ውስጥ ልጅየው አፑን ጭኖ ጠፍቷል። እውነቱ ግን ዋናው ተጠቃሚ እሱ ነው። እንዲያውም እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የሠሩት ሥራ የቱ ነው ከተባልኩ፣ ያቺን «ዋጥሽ?» የምትል ስልክ ነው የማነሳው።

ኢንሱሊን ብያችሁ ነበር። ኮምቦልቻ ቢሮአችን አጠገብ ኢንሱሊን የሚወጉ አንድ አባት አሉ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ የተከፈተው ደግሞ ሙቀት ካልበዛበት አራት ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል። ደሴ ብርድ ላይ ሲሆን ብዙም አያስጨንቅም። ኮምቦልቻ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ግን ሌላ ነው። ለኢንሱሊን የጻፍነው ሌላው ሲናሪዮ «ከፍሪጅ አውጥተው» ይላል። የማን ፍሪጅ? የእሳቸው ያለው ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከሥጋው ጎን። ጎረቤት ዘመድ ጥየቃ ገጠር ሲሄድ ቤቱ ይቆለፋል። መብራት ሲጠፋም አለ። ስለዚህ አባ አሁን የተከፈተውን ብልቃጥ እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ ሸክላ ውስጥ ነው የሚያኖሩት። ማን እንዳስተማራቸው ስጠይቃቸው «ሲቸግር ማን ያስተምራል?» አሉኝ። በዚያ ቀን ከሲናሪዮው «ፍሪጅ» የሚለውን ሰርዤ «ኢንሱሊኑ ያለበት ቦታ» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ከዚያ በኋላ ነው አፑ «ዛሬ ኢንሱሊንዎ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ የጀመረው።

የመጨረሻውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ወርቅና ሰነድ የሚቀመጥበት የአያቴ ሙዳይ አለ። አንድ ወረቀት ፈልጌ ስከፍተው ክኒን ሞልቶበታል። በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ነጩ ለብቻው፣ ቢጫው ለብቻው። ደንግጬ «ምንድነው ይሄ ሁሉ?» አልኳት።

«የክፉ ቀን ነው» አለችኝ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ኅዳር መጨረሻ ድረስ እንደዚያው። ጤና ተቋማቱ ተዘርፈው ነበር። አያቴ ያኔ ለሳምንታት ያለ መድኃኒት ቆይታለች። ደም ግፊት ደግሞ አያምም፣ ስለዚህ ምን እያደረጋት እንደሆነ እንኳ አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያ ስትሄድም አንዳንዴ «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል፤ ከውጭ ያለው ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው፣ ቀለሙም ሌላ ነው፣ ቀለሙ ሲቀየር ደግሞ አታምነውም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ክኒን እየቆጠበች ወደ ሙዳዩ ትከታለች። እኔ ደብተሬ ላይ «ረሳች» ያልኩት ሌላኛው ቀን ይሄ ነው።

ይሄን ለቡድኑ ስነግራቸው ክርክር ተነሳ። አንዱ ጓደኛዬ «ታዲያ አፕ ምን ያደርጋል? መድኃኒት እናመርት?» አለ። ልክ ነው፣ አናመርትም። ግን ቤት ውስጥ የሌለ ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ «ይውሰዱ» እያሉ መጮህ ስድብ ነው አልኩት። ቢያንስ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ለወንድሜ ይንገረው፣ ጤና ጣቢያ ከሌለ ሌላ ቦታ ለመጠየቅ ጊዜ ይኑረው። መድኃኒቱ እንደማይጠፋ እርግጠኛ ከሆነች ማስቀመጡን ታቆማለች? አላውቅም። ወንድሜ «አታቆምም» ይላል። ሲስተሯ ግን አንድ ወር ትርፍ ጽፋላታለች፤ ሙዳዩ በሕጋዊ መንገድ ሞላ፣ የሳምንቱ አንድ ቀንም ተመለሰ። እስካሁን።

ሲናሪዮውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ሱብሂ አለበት፣ ለቅሶ አለበት፣ ኮምቦልቻ ያለ ልጅ አለበት፣ ሙዳይ አለበት፣ «ይረሳሉ» የለበትም። ፈገግታውን ሁለቱንም፣ የእማማንም የክኒኗንም፣ አወጣሁ። ባለፈው እሑድ ወስጄ አነበብኩላት። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሴትየዋ እሷ መሆኗን ታውቃለች፣ ግን «ሴትየዋ» ነው የምትላት።

«ጥሩ ነው» አለች። «ግን ይቺ ሴትዮ ቡና አትጠጣም እንዴ?»

ገጹን ገለጥኩ። እውነቷን ነው፣ ቡና የለም። አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ስለ አንዲት የወሎ ሴት ጽፌ ቡና አላፈላሁላትም።

«የማታዋን እኮ ሁልጊዜ በረካ ላይ ነው የምውጣት፣ አላየህም? ሲጽፍ ይውላል፣ አያይም» አለችና ረከቦቱን ወደ ራሷ ሳበች። እኔም ላፕቶፑን ከፈትኩ።